የእትዬ ገጽ፦ «ማኅበራችን በሦስተኛው ስብሰባ ለምን ፈረሰ?»

ሌላ ጊዜ የምትጽፉልኝ ስለ አማትና ምራት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጅ ትምህርት ነበር። በዚህ ወር ግን ብዙው ደብዳቤ ስለ ጦርነት ነው። ጥቂቱን መርጫለሁ።

ለማታውቁኝ፦ ጅማ ተወልጄ ጅማ ያረጀሁ ጡረተኛ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ለ14 ዓመት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩ። ፖለቲከኛ አይደለሁም። የምመልሰው ከክፍል፣ ከእድርና ከቡና ላይ ያየሁትን ይዤ ነው።

*

«እትዬ፣ እንደምን አሉ? 24 ዓመቴ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ጦርነትንና ወረራን የሚቃወም ስብስብ ጀምረን ነበር። የመጀመሪያው ቀን 23 ሰው መጣ። አንዱ ስለ ጋዛ እንናገር አለ። ሌላው ‹ሱዳን አጠገባችን እየነደደች ጋዛን ምን አመጣው› አለ። ዩክሬንን ያነሳም ነበር። አንዷ ደግሞ ‹መጀመሪያ የራሳችን አገር› ብላ ተነሥታ አለቀሰች። በሁለተኛው ስብሰባ መግለጫ ልናወጣ ስንል በቃላት ተጣላን። በሦስተኛው 5 ሆነን ቀረን። ሁላችንም የምንፈልገው ሰላም ነው። ታዲያ ለምን አንድ መሆን አቃተን?»
የመንቲናዋ

የኔ ልጅ፣ 5 ሰው ከቀረሽ አልፈረሰም። የእኛን እድር የጀመሩት 7 ሰዎች ናቸው። አንደኛው ደግሞ ብድር የሚያገኝ መስሎት ነበር የመጣው።

እኔም እንዳንቺ ሞክሬ አፍርሻለሁ። 1991 ዓ.ም. ነው፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ የጋለበት ጊዜ። የማስተምራቸው ልጆች ታላላቅ ወንድሞች ዘምተው ነበር። ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ ዓይኑ ያበጠ ልጅ ካየሁ ምክንያቱን አልጠይቅም፤ አውቀዋለሁ። ከመምህራን ጓደኞቼ 11 ሰው ቤቴ ጠራሁ። «ጦርነቱ ይብቃ» የምትል ደብዳቤ ልንጽፍ ነው። ረቂቁን ሌሊት ጽፌ ጠበቅኋቸው፤ 12 ነጥብ። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

ከቀኑ 8 ሰዓት ጀመርን። ነጥብ 1 አለፈ። ነጥብ 2 አለፈ። ነጥብ 3 ላይ «ወረራ» ይባል ወይስ «ግጭት» የሚል ተነሣና ተያዝን። አቦሉ ተጠጣ። ቶናው ተጠጣ። በረካው አልቆ ጀበናው ሲቀዘቅዝ እኛ አሁንም ነጥብ 3 ላይ ነን። ከእኔ የባሰ አንድ የታሪክ አስተማሪ ነበረ፤ ቃሉን ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ ተነተነልን። በሳምንቱ የመጡት 4 ናቸው። ደብዳቤው ሳይላክ ቀረ። ወረቀቱ ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለ። ከነጥብ 4 ወዲያ ያለውን ከእኔ በቀር ያነበበ ሰው የለም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰዎቹ የመጡት «ልጆቹ አይሙቱ» ለማለት ነበር። እኔ ደግሞ 12 ነገር ፈርሙልኝ አልኳቸው። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ሰው ሹልክ ብሎ የሚወጣባት በር ሆነች።

አሁን እድርን አስቢ። የእኛ እድር 140 ቤት አለው። ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤ ሁሉም አለበት። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋው፣ ጉራጌው አለ። በአጥር ድንበር ተካስሰው ሰላምታ የተቋረጡ ሁለት ሰዎችም አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ይህን ሲያነቡ ራሳቸውን ያውቃሉ። ጡሩምባ የተነፋ ቀን ግን እነዚያው ሁለቱ አንዱን የድንኳን ምሰሶ ከፊትና ከኋላ ተሸክመው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድም ቃል ሳይነጋገሩ። እድር ማንን መረጥክ፣ የትኛውን ሬዲዮ ትሰማለህ አይልም። ማን ሞተ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው፣ ድንኳኑን ማን ያወጣል። በቃ።

ሰዎች ሳይታረቁም አብረው መሸከም ይችላሉ። ለአንቺ ስብስብ የሚያስፈልገው እንደዚያ ዓይነት አንድነት ነው። ያኛውን፣ በሁሉም ነገር ተስማምቶ ተቃቅፎ መኖርን፣ በባልና ሚስት መካከልም አላየሁትም።

እስራኤል ውስጥ «አራቱ እናቶች» የተባሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1997 ወታደር የጫኑ ሁለት ሄሊኮፕተሮች ወደ ደቡብ ሊባኖስ ሲሄዱ ተጋጭተው 73 ወታደሮች ሞቱ። እስራኤል እዚያ ጦር ካስገባች ያኔ 15 ዓመት ሊሞላት ነው። ከአደጋው በኋላ ልጆቻቸው ወታደር የሆኑ አራት ሴቶች ተነሡ። ጥያቄያቸው አንዲት ናት፦ ጦሩ ከሊባኖስ ይውጣ። መንገድ ዳር ቆሙ፣ ፊርማ ሰበሰቡ፣ ባለሥልጣን ደጅ ጠኑ። ሴቶች ስለ ጦርነት ምን ያውቃሉ ተብለው ተሰደቡ። እ.ኤ.አ. በ1999ኙ ምርጫ ጦሩን አስወጣለሁ ያለው አሸነፈ፤ ሜይ 2000 ጦሩ ወጣ። እናቶቹ ብቻቸውን አስወጡት ብል ውሸት ይሆናል። ከዚያ ማዶ ለዓመታት መሣሪያ ይዞ የተዋጋ ኃይል ነበር። ነገር ግን አገራቸው ውስጥ «መውጣት» የሚለውን ቃል ከአፍ እንዳይወጣ ከሚፈራ ነገር የምርጫ መፈክር ያደረጉት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ የመንቲናዋ፣ የትኛው ጦርነት የሚለውን ጭቅጭቅ ተዪው። ጋዛ ያለው ስለ ጋዛ ይሥራ። ሱዳን ያለውም ስለ ሱዳን። አንድ ላይ ስትሆኑ ግን ሁላችሁም ያለ «ግን» የምትሏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። እኔ ብሆን «ምግብና መድኃኒት አይዘጋ» እላለሁ። ጋዛም ላይ ይሠራል፣ ዳርፉርም ላይ ይሠራል፣ እኛም አገር ሠርቶ ያውቃል። ይህን ለመቃወም የሚነሣ ሰው ካለ ይነሣና ስሙን እንወቀው።

ያቺን ያለቀሰችውን ልጅ ቤቷ ሄደሽ ጠይቂያት። በስልክ አይደለም። ዳቦ ይዘሽ ሂጂ። ስብሰባው ላይ አጀንዳ ያበላሸች መስሏችሁ ይሆናል። ከ23ቱ ውስጥ ጦርነት ቤቷ የገባባት እሷ ብትሆንስ?

ስለ ቀጠሮውም ልንገርሽ፤ ይህ ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ስብስብ የሚገድለው እሱ ነው። ዓርብ ቀትር አትጥሩ፣ እሁድ ጠዋት አትጥሩ። እሁድ ከ9 ሰዓት በኋላ ይሁን። ሥጋ አይቅረብ፤ የማን ቢላ አረደው የሚል ጣጣ ይመጣል። ቡናና ቆሎ ይበቃል። ቆሎ የማንም ሃይማኖት ይበላዋል። በኦሮምኛም በአማርኛም ይነገር፤ አንድ ሰው ጎን ለጎን ያስተርጉም፤ በማስተርጎሙ የሚባክን ጊዜ የለም፣ ሰው እንዲያውም ረጋ ብሎ ይናገራል። መዝገብ ይኑራችሁ። የመጣ ሁሉ ሳይወጣ አንድ ሥራ ይያዝ፣ በርጩማ ማምጣትም ቢሆን። በእድር 14 ዓመት የተማርኩት ይህን ነው፦ ሥራ የተሰጠው ሰው ይመለሳል፤ ንግግር ብቻ የሰማ ሰው «በጣም ጥሩ ነበር» ብሎ ይቀራል።

ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ይሆናል ወይ ለሚሉሽ የላይቤሪያን ሴቶች ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. 2003 ነው። የቤተ ክርስቲያን ሴቶችና የመስጊድ ሴቶች ነጭ ለብሰው ሞንሮቪያ ከተማ፣ ዓሣ ገበያው አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ በየቀኑ ተቀመጡ። ፀሐይም ዝናብም ወረደባቸው። ከመሪዎቻቸው አንዷ ሌይማ ቦዊ ናት። ድርድሩ ወደ ጋና፣ አክራ ሲሄድ ተከትለው ሄዱ። ተደራዳሪዎቹ በሆቴል አልጋ ተመቻችተው ነገሩን ሲያጓትቱ፣ ሴቶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው የአዳራሹን በር ዘጉ። ሳትስማሙ አትወጡም። ጥበቃ ሊያስራቸው ሲመጣ ቦዊ ልብሷን ልታወልቅ ተነሣች። በእነሱ አገር እናት በንዴት ራቁቷን ስትሆን ማየት እርግማን ነው፤ ወንዶቹ አፈገፈጉ። ስምምነቱ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ተፈረመ። ቦዊ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሁለት ሴቶች ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰደች። እኔ የምወደው ግን ሽልማቱን አይደለም። የዓሣ ገበያውን ነው። በዓሣው ሽታ፣ በዝንቡ መካከል በየቀኑ መቀመጣቸውን።

*

«እ.ኤ.አ. በ2003 ኢራቅ ልትወረር ስትል ዓለም በሙሉ ሰልፍ ወጣ። በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ። አሜሪካ ከመግባት አልቀረችም። ሰልፍ ጫማ ከመጨረስ በቀር ምን ይረባል?»
ነጋዴ፣ ከአጂፕ

ወንድሜ፣ ቀኑ ፌብሩዋሪ 15 ነበር። ሮም ላይ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ወጣ ተብሎ በክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል። ለንደንም ሞልቶ ፈሰሰ። በወሩ፣ ማርች 20 ቦምቡ ወረደ። ያልሠራውን ሠራ ብዬ አልከራከርዎትም።

አንድ ቦታ ግን ሠርቷል፤ ሰው ረስቶታል። ቱርክን አስታወሱ? አሜሪካ በሰሜን በኩል ለመግባት ከ60 ሺህ በላይ ወታደር በቱርክ መሬት ላይ ማስፈር ፈለገች። መንግሥቱም ዳጎስ ያለ ገንዘብ ስለቀረበለት ጥያቄውን ለምክር ቤቱ አቀረበ። ማርች 1 ድምፅ ተሰጠ። ደጋፊ 264፣ ተቃዋሚ 250፣ ድምፀ ተዓቅቦ 19። ደጋፊው በልጧል፤ አይደል? በሕጋቸው ግን ከተገኙት ከግማሽ በላይ፣ ማለትም 267 ያስፈልግ ነበር። በ3 ድምፅ ወደቀ። ያን ዕለት አንካራ በሰልፈኛ ተጥለቅልቃ ነበር። የአሜሪካ መርከቦች ዕቃቸውን እንደጫኑ ሌላ መንገድ ፍለጋ ሄዱ።

ጦርነቱ አልቀረም። በዚያ በር ግን አላለፈም።

እርስዎ ነጋዴ ነዎት፣ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። የጅማችን የሂርማታ ገበያ ድሮ ሐሙስ ነበር የሚቆመው። ጥሩ ቡና ይዞ ረቡዕ የመጣ ሰው ጭኖ ይመለሳል። ሮም የወጣው ሕዝብ ከአንካራው ብዙ እጥፍ ነው። የአንካራው ግን ድምፅ በሚሰጥበት ቀን፣ ድምፅ በሚሰጥበት ከተማ ቆመ። እጁን የሚያወጣው የምክር ቤት አባል በመስኮት ያየዋል።

በእኛ አገር ሰልፍ ለማድረግ ለሚያስብ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 መብቱን ሰጥቷል። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ደግሞ አዘጋጁ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይላል። በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱ ላይ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ መንገዱ ግን ሁሌ እንደ ወረቀቱ አይሄድም። በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ። ቀኑ አላምር ካለ ሰልፉን ለሌላ ጊዜ አድርጉት። ልጆችን ከፊት አታሰልፉ። ማን እንደሄደ፣ ማን እንደተመለሰ የሚመዘግብ ሰው ቤት ይቀመጥ።

*

«ጣሊያንን ያባረርነው በጠመንጃ ነው። ወራሪን በቡናና በደብዳቤ መመለስ ይቻላል እያሉን ነው?»
የጅሬን ልጅ

አላልኩም። በር ሰብሮ የገባን ሰው ቡና አፍልቼ አልቀበለውም። አርበኞቻችንንም አላሳንስም።

ግን አርበኝነቱን ጠመንጃ ብቻ አድርገህ አትየው። ከጅማ ወደ ቦንጋ ሄደህ ታውቃለህ? ጎጀብን ትሻገራለህ። ቁልቁለቱን ስትወርድ ሙቀቱ ይቀየራል፤ ጃኬት ታወልቃለህ። ታኅሣሥ 1929 ራስ እምሩና አብረዋቸው የነበረው የጥቁር አንበሳ ጦር በዚያ ወንዝ ላይ ተከበው እጅ ሰጡ። ጥቁር አንበሳን ወለጋ ላይ ያቋቋሙት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፤ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች፣ የተማሩ ሰዎች፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ። ደንብ ነበራቸው፣ 10 ነጥብ። ከእኔ በሁለት ያንሳል። ከደንቡ ውስጥ የጦሩ አዛዥ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ ገበሬ እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይሰቃይ የሚሉ አሉበት። አስበው፤ አገር በተወረረበት፣ ዋና ከተማው በተያዘበት ሰዓት ቁጭ ብለው «ገበሬ አይበደል» ብለው ጻፉ። ምክንያቱም ጠመንጃ የያዘውን የሚያበላው ማን ነው? መንገድ የሚያሳየው፣ የሚደብቀው ማን ነው?

ከጎጀብ በኋላ አራት ዓመት ተኩል ጅማ በጣሊያን እጅ ነበረች። የደቡብ ምዕራቡን ግዛታቸውን መቀመጫ አድርገዋት ነበር። ግንቦቻቸው አሁንም እዚሁ ጅማ መርካቶ ዙሪያ አሉ፤ በየቀኑ በሥራቸው ታልፋለህ። በዚያ ዘመን በመላ አገሪቱ የውስጥ አርበኛ የሚባሉ ነበሩ። ቀን የጣሊያን ቢሮ ይሠራሉ፤ ማታ ወሬ፣ መድኃኒት፣ ጥይት ወደ ጫካ ያሻግራሉ። ሸዋረገድ ገድሌን ያህል ሴት ከእነሱ ወገን ናት። ጫካ ያለው አርበኛ እነሱ ባይኖሩ ስንት ወር ይቆይ ነበር? ተማሪዎቼን ይህን ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ፈተና ላይ ግን ሁሉም የጦር አዝማቾቹን ስም ብቻ ይጽፋሉ።

አንድ የውጭ አገር ልጨምርልህ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ኖርዌይ፣ እ.ኤ.አ. 1942። ጀርመን ይዟቸዋል። ክዊስሊንግ የሚባል ያገራቸው ሰው ለናዚ አድሮ ሥልጣን ላይ ተቀምጧል። አስተማሪዎች በሙሉ በአዲስ ማኅበር ታቅፈው የፓርቲውን ትምህርት ያስተምሩ ተባለ። አስተማሪዎቹ ምን አደረጉ? አጭር ጽሑፍ በድብቅ ተሰራጨ። እያንዳንዱ ያንኑ ጽሑፍ በእጁ ገልብጦ፣ በስሙ ፈርሞ፣ በፖስታ ላከ፦ ሕሊናዬ ስለማይፈቅድ አልተባበርም። አገሪቱ ውስጥ 12,000 ያህል አስተማሪ ነበር፤ አብዛኛው ላከ። መንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ዘጋ። ከ1,000 በላይ አስተማሪ ታሰረ። በመቶ የሚቆጠሩት ወደ ሰሜን ጫፍ፣ ወደ ኪርኬኔስ ተግዘው በብርድ ወደብ ላይ ጉልበት ሠሩ። ልጆች ቤት ለቤት ተማሩ። ዓመቱ ሳያልቅ አስተማሪዎቹ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፤ የፓርቲው ማኅበር ግን ሳይቆም ቀረ። ኖርዌይን ነፃ ያወጣው የጦርነቱ ፍጻሜ ነው፣ እሱን አልክድም። ልጆቻቸውን ግን አላስረከቡም።

የእኔ 12 ነጥብና የእነሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ትንሽ ቀንቼባቸዋለሁ።

*

አጫጭሮቹን ቶሎ ልበል።

«ከጅማ ሆነን ስለ ጋዛ ምን አገባን?» ለጠየቅከው፦ ለንደን ሆና ስለ እኛ ምን አገባት ልትላት የምትችል ሴት ነበረች። ሲልቪያ ፓንክኸርስት። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ወር ስለ ኢትዮጵያ የሚጮህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረች፤ 20 ዓመት አላቋረጠችም። ብዙው ዓለም ፊቱን ባዞረበት ጊዜ ነው። በኋላ አዲስ አበባ መጥታ ኖረች፣ እዚሁ ሞተች፣ ቅድስት ሥላሴ ተቀበረች። መቃብሯ ጋ ቆመህ ጥያቄህን ድገመው።

«ከአንድ ፓርቲ ገንዘብ ሊሰጡን ነው፣ እንቀበል?» ለምትሉት፦ አትቀበሉ። ከእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ትንሽ አዋጡ፤ ለቡና፣ ለፎቶ ኮፒና ለባጃጅ ከበቃ ሌላው ትርፍ ነው። ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ጸሐፊ አንድ ሰው አይሁን። ይህን በዕንባ ነው የተማርኩት፤ ዝርዝሩ ይቅርባችሁ።

«የእድሩን ስም ዝርዝር ለፊርማ ማሰባሰቢያ ብንጠቀምበትስ?» በፍጹም። ሰው ለእድር ስሙን የሰጠው እንዲቀበር ነው። መፈረም ከፈለገ በሩን አንኳኩና ራሱን ጠይቁት።

*

«ልጄ ወታደር ነው። ጎረቤቶቼ ለሰላም በሚሰበሰቡበት ቡና ላይ ጠሩኝ። ብሄድ ልጄን የከዳሁት ይመስለኛል። ብቀር ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። ምን ላድርግ?»
እናት

እህቴ፣ ሂጂ።

ታላቅ ወንድሜ በ1969 ሶማሊያ ስትወር በሚሊሻ ዘመተ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ሐረር ነው የሄደው። ያ ጦርነት ደጃችን ድረስ የመጣ ነበር፤ በመዝመቱ እናቴ አላፈረችም፣ እኔም እስከ ዛሬ አላፍርም። ግን ጦርነቱ ትክክል ነው ብሎ እንቅልፍ የወሰዳት እናት አላውቅም።

ወንድሜ የሚቀመጥባት በርጩማ ነበረች። የጅማ ሥራ፣ ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች። መቀመጫዋ ከመለስለሱ የተነሣ በጨለማ ታበራለች። እናቴ መስኮቱ ሥር አስቀምጣት ማንንም አታስቀምጥባትም። አንድ ቀን የንስሐ አባቷ መጥተው ሊቀመጡ ሲሉ «እሷ ላይ አይደለም አባ፣ እዚህ ይሁን» ብላ መደቡን ስታሳያቸው ሰምቻለሁ።

ደብዳቤው ቆመ። ወር በገባ ቁጥር አንድ ቢሮ ትሄዳለች፤ ልጄ የት ነው ትላለች፤ «ነገ ነይ» ይሏታል። ወረፋው ላይ እንደ እሷ የሚጠይቁ ሴቶች አሉ። መጀመሪያ ሰላምታ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ አብረው መሄድ ጀመሩ። 6 ሆኑ፤ ሦስቱ ሙስሊም፣ ሦስቱ ክርስቲያን። ሲመለሱ ተራ በተራ አንዷ ቤት ቡና ይጠጣል። እኔ የ14 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ቄጤማ እጎዘጉዛለሁ፣ ሲኒ አጥባለሁ፣ ጆሮዬን እተክላለሁ። ማኅበር ነው አላሉትም። በዚያ ዘመን ማኅበር ነው ቢሉ ምን እንደሚከተል ያውቃሉ።

አንድ ቀን ስድስቱም ባንድ ላይ ገቡና ጠረጴዛው ፊት ቆሙ። «የልጆቻችን ስም ያለበትን አሳየን» አሉ። ሌላ ምንም። ሰውዬው «ነገ» አለ። አልሄዱም። አንደኛዋ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ የቀሩትም ተቀመጡ። መዝገቡን አወጣ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ጣቱ በመስመሩ ላይ ሲሄድ በዓይኗ ተከተለች። ሁለቱ ልጆች ሞተዋል። የእናቴ ልጅ «ቁስለኛ» ተብሎ ተጽፏል።

ሁለቱ ልጆቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ከቡናው አልቀሩም። ይህን ያኔ አልገባኝም ነበር። ለምን ይመጣሉ፣ የሚጠይቁት ሰው የላቸውም እል ነበር። ስታረጂ ይገባሻል አለችኝ እናቴ። ገብቶኛል።

ልጅሽን አትደብቂው። ሲደውል «እንዲህ ያለ ቡና ላይ እየሄድኩ ነው» በዪው። ስሙን እዚያ ጥሪው፤ ፎቶውን ይዘሽ ሂጂ። እዚያ ያሉት ሴቶች ልጅሽን አይቃወሙትም፤ እንዲመለስ ነው የተቀመጡት። እንደዚያ ካልሆነ፣ ልጅሽን የሚሰድብ ሰው ካለ፣ ነጠላሽን አንሥተሽ ውጪ፤ ለእኔም ጻፊልኝ።

ወንድሜ በ1970 ክረምት ተመለሰ። ግራ ክንዱ አይዘረጋም። ወር ሙሉ አልተናገረም፤ ግድግዳ ያያል። አንድ ማታ እናቴ ሽሮ እያማሰለች ያንን የቢሮውን ነገር እንደ ዋዛ አነሣችው። ስድስታችን ገብተን፣ ሰውዬው እንዲህ ብሎ፣ እኛም መሬት ላይ ተቀምጠን። ወንድሜ ዞሮ አያት።

«አንቺ? መሬት ላይ ተቀመጥሽበት?»

«ታዲያ በርጩማ አላቀረበልን» አለችው።

ከተመለሰ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ተነሥቶ ሄደና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ።